አሮጌው የበገና ማኅደርና የቁርበት ፋቂው ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዛሬው ጽሑፋችን የምንነግራችሁ ስለ አንድ አሮጌ የበገና ማኅደር ነው። ማኅደር ስንል የመጻሕፍቱን ማለታችን ሳይሆን በገናው ከነምሰሶው የሚገባበትን ትልቅ የቆዳ ከረጢት ነው። ስለ ከረጢት ስብከት ይጻፋልን? የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ስንጀምረው የእጅ ሥራ እንጂ ሌላ አልመሰለንም ነበር። ነገር ግን ሥራው ከቆዳው አልፎ ወደ ራሳችን መጣብን። ስለዚህ ያስደሰተንን ብቻ ሳይሆን ያሳፈረንንም እንጽፋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንዲት አረጋዊት እናታችን በልጅ ልጃቸው አሸክመው አንድ በገና ወደ መዝሙር ክፍላችን አመጡ። «ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ የነካው የለም፤ እኔ ቤት ተሰቅሎ ከሚቀር እናንተ ደርድሩበት» አሉን። ባለቤታቸው በደርግ ዘመን በገናውን ከነማኅደሩ ከአልጋ ሥር እንዳኖሩትና ሌሊት ሌሊት ብቻ አውጥተው ቀስ ብለው ይደረድሩ እንደ ነበር ነገሩን። «ይህ ቆዳ ባይሸፍነው ኖሮ አይጥ ይጨርሰው ነበር» ብለው ማኅደሩን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

በገናው ደኅና ነበር። አሥሩ የበግ አንጀት አውታሮች ደርቀው ከመበጣጠሳቸው በቀር ቀንበሩም፣ ሁለቱ ምሰሶዎችም፣ ገበቴውም አልተነኩም። ማኅደሩ ግን ተጎሳቁሎአል። የሥሩ ስፌት ተተርትሮአል፤ የአፉ ክዳን ተጠቅልሎ ደርቆአል፤ ማንገቻው ከአንድ ወገን ተበጥሶአል፤ በግድግዳ በኩል የዋለው ጎኑ ሻጋታ ይዞአል፤ ጠርዙን የነካ ሰው ደግሞ ጣቱ ላይ ቀይ ዱቄት ይቀርበታል።

በመዝሙር ክፍሉ ስብሰባ ሁለት አሳብ ቀረበ። እኩሌቶቹ «ዚፕ ያለው የሸራ ቦርሳ ይገዛና ይህ ይጣል» አሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ «ይህ ቅርስ ነው፤ የአባቶቻችን እጅ ነው፤ አይጣልም» አልን። የእጅ ሥራን ስለ ማክበር፣ ቅርስን ስለ መጠበቅ ብዙ ተናገርን። በመጨረሻም «እንግዲያው ቅርስ ነው ያላችሁት አድሱት» ተባለና ሥራው ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ተሰጠ።

እኛም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልንጨርሰው ተነሣን። በሙቅ ውኃና በሳሙና አሸነው፤ ሻጋታው እንዲለቅ በብሩሽ ፈገፈግነው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ሲደርቅ ቢከረክርብን የምግብ ዘይት አጠጣነው። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሄደን ስናየው የማኅደሩ አፍ አንድ ስንዝር ያህል ተኮማትሮ እንደ ጣውላ ደርቆአል፤ ቀሪው አካሉ ጠቁሮ አቧራ ይዞአል፤ ደኅና የነበረው ስፌት ጭምር ተቀድዶአል። ብዙ ዘመን የቆየውን ነገር እኛ ወዳጆቹ በአንድ ቀን ጎዳነው።

ከዚህ በኋላ «ማን ያውቅበታል?» ብለን መጠየቅ ጀመርን። የጠየቅነው ሰው ሁሉ የሚነግረን ስም አንድ ሆነ፤ ከቤተ ክርስቲያናችን በታች፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የቆዳ ሠራተኛ። ስሙን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። የልጅ ልጃቸውን እናውቀው ነበርና ነው።

ይህ ወንድም ከሦስት ዓመት በፊት በመዝሙር ክፍላችን ከበሮ ይመታ ነበር። የከበሮው ጠፍር ሲላላ የሚወጥረው፣ ቆዳው ሲቀደድ የሚለውጠው እርሱ ነበር። አንድ የጥምቀት ዋዜማ በሰልፉ ላይ ከበሮ ማን ይያዝ በሚል ክርክር ተነሣና ከመካከላችን አንዱ በአያቱ ሥራ ሰደበው። ያቺ ቃል ምን እንደ ሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥቂቶቻችን ሳቅን፤ የቀረነው ዝም አልን። እርሱ ከበሮውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ወጣ፤ አልተመለሰም። እኛም «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እየተባባልን ሦስት ዓመት አሳለፍን።

እንግዲህ ማኅደሩን ተሸክመን ወንዙን ተሻገርን። ሽማግሌው ከደጃቸው ተቀምጠው ጠፍር ይልጉ ነበር። ልጁም ከጎናቸው ነበረ፤ አየንና ወደ ሥራው አቀረቀረ።

«አባባ፣ ይህን ማኅደር እንዲያዩልን ብለን ነው የመጣነው» አልን።

ተቀብለው ገለበጡት፤ አሸተቱት፤ አፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «በምን አጠባችሁት?»

«በሙቅ ውኃ ነው፣ አባባ።»

«ቀቅላችሁታላ!» አሉ። አልተቆጡም፤ ግን አልሳቁምም።

ከእኛ መካከል የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነው በኋላ ምክንያቱን አስረዳን። ቆዳ የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ጭረቶች ነው። እነዚህ ጭረቶች ርሰው ሳሉ ሙቀት ሲነካቸው ይኮማተራሉ፤ ከተኮማተሩም ወደ ቀድሞ ርዝመታቸው አይመለሱም። ቆዳው ባረጀ መጠን ሙቀት የመቻል ኃይሉ ይቀንሳል፤ ለአዲስ ጫማ ምንም የማይሆነው ውኃ አሮጌውን ይጨርሰዋል። ዘይቱም ቢሆን የተበጠሰውን ጭረት አይቀጥልም፤ ሲበዛ አቧራ ይስባል፣ ያጠቁራል፣ ይሻግታል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ያለ ኬሚስትሪ በአንዲት ቃል ተናግረውታል።

ሥራው አራት ቅዳሜ ፈጀ። ሽማግሌው «ገንዘብ ብትከፍሉኝ እሠራላችኋለሁ፤ ግን ተቀምጣችሁ ብታዩ ይሻላል፤ ነገ ሌላ እንዳትቀቅሉ» ስላሉን ሁለቱንም አደረግን፤ ከፈልንም፣ ተቀመጥንም። ያየነውን ለሌሎችም እንዲጠቅም እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ምንም አልሰፉም። ማኅደሩን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ ከመካከል ወደ ጠርዝ እያደረጉ አጸዱት። ሻጋታውን ያራገፉት ደጅ ወጥተው፣ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነው። ቀዩ ዱቄት የሚረግፍበትን ቦታ አሳይተውን «ይህ ሞቶአል፤ አትሹት፤ በሰላም ይቀመጥ» አሉ። እውነትም በዕፀዋት የተለፋ ቆዳ ዘመኑ ሲረዝም፣ ጢስና የከተማ አየር ሲመርዘው ጭረቱ እየተበላሸ ዱቄት ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ጉዳት መዳኛ የለውም፤ ሊደረግ የሚቻለው እንዳይብስ መጠበቅና እጅ ማብዛትን መተው ነው።

የተኮማተረውን አፍ ሊያላሉ ውኃ አላፈሰሱበትም። እርጥብ ጨርቅ ከቆዳው ሳይገናኝ በአጠገቡ አኑረው፣ በላዩ ሌላ ሸፍነው፣ እርጥበቱ በአየር ብቻ ቀስ እያለ እንዲገባ አደረጉ። ጥቂት ሲለሰልስ ውስጡን ንጹሕ ጨርቅ ጠቅጥቀው የበገናውን ቅርጽ እንዲይዝ በጥላ ሥር አደረቁት። ይህንን ለሦስት ሳምንታት እየደጋገሙ ነው የሠሩት። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ዛሬም የማኅደሩ አፍ ከቀድሞው ይጠባል፤ በገናው ሲገባ ትንሽ ይታገላል። ያ የእኛ ምልክት ነው።

ውስጡን በባትሪ ብርሃን ሲያዩ ጠሩን። ሁለቱ ምሰሶዎች ዕድሜ ሙሉ የተደገፉባቸው ሁለት ጥቁር መስመሮች ታትመዋል። ከጎኑ የተሰፋች ትንሽ ኪስ አለች፤ በውስጧ የተጠቀለለ ደረቅ አንጀትና የእንዚራ ቁራጭ ቆዳዎች ተገኙ። ከሥሩ ደግሞ ሦስት ዓይነት ስፌት ታየ፤ አንዱ በጅማት፣ አንዱ በጥጥ ክር፣ አንዱ በናይለን ክር። «ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ጠግኖታል፤ እኔ አራተኛ ነኝ» አሉ። እኛ የጥንት ብለን ያልነው ነገር ጥንታዊ ሆኖ የቆየው ብዙ ሰዎች በየዘመናቸው ስለ ጠገኑት ነው።

ስለ መጣፉም እንናገር። እኛ ወፍራምና ጠንካራ አዲስ ቆዳ ይዘን ሄደን ነበር። ሽማግሌው ግን አልተቀበሉንም። ከአሮጌው ይልቅ የሳሳና የለሰለሰ ቆዳ መረጡ፤ ዙሪያውን በስለት አሳስተው ከውስጥ በኩል አስገቡት። «አዲሱ ከበረታ አሮጌውን ይጎትተዋል፤ መቀደድ ካለበት አዲሱ ይቀደድ፤ እርሱን ሌላ ቀን እንለውጠዋለን» አሉ። ወስፌውንም አዲስ ቀዳዳ አላስበጁትም፤ በቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ ሰም የተቀባ ክር አሳለፉ። ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ከተጨመረ ቆዳው በመስመሩ ላይ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበጥሶ ይሄዳልና። ማንገቻውን በተመለከተ አሮጌው በክብር እንዲቀመጥ አድርገው፣ አዲሱን ጠፍር ከማኅደሩ ሥር ዞሮ እንዲያልፍ ሰፉት፤ የበገናው ክብደት በደከመው ስፌት ላይ ሳይሆን በአዲሱ ጠፍር ላይ እንዲያርፍ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ ጨርቅ ስለ መጣፍ የተናገረውን ብዙ ጊዜ አንብበነዋል። አዲሱ አሮጌውን ቦጭቆ ቀዳዳውን እንደሚያብሰው በዓይናችን ያየነው ግን በዚያ ደጃፍ ነው። ቃሉ ስለ ጨርቅና ስለ አቁማዳ ብቻ የተነገረ እንዳይደለ የሚያስረዳን ነገርም በዚያው ገጠመን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ያን ወንድማችንን ይቅርታ ጠየቅነው። የሰደበውም፣ የሳቅነውም፣ ዝም ያልነውም አብረን ነበርን። አስቀድመን አንድ አሳብ አዘጋጅተን ነበር፤ ማኅደሩ ሲያልቅ በእሑድ ጉባኤ ፊት እርሱንና አያቱን መድረክ ላይ አውጥተን ልናስጨበጭብላቸው፣ የምስጋና ወረቀትም ልንሰጣቸው። ይህንኑ በደስታ ነገርነው። እርሱ ክሩን በሰም እያሸ ዝም ብሎ ሰማንና «እኔ የማስታውሰው የተናገረውን ብቻ አይደለም፤ የሳቁትንም አስታውሳለሁ። መድረኩን ተዉት» አለ። ከዚያም ወስፌውን አቀበለን።

እንግዲህ ያ መድረካችን ምን ነበር? ወፍራምና ጠንካራ አዲስ እራፊ ነበር። በላይ ሆኖ እንዲታይ የተዘጋጀ፣ እኛን የሚያሳምርና እርሱን የሚጎትት። ጥገና ግን ከውስጥ ይገባል፣ በቀድሞው ቀዳዳ ያልፋል። በደሉ በተፈጸመበት በዚያው ቦታ፣ በዕለት አነጋገራችን፣ ሰው ሲሳደብ ዝም ባለማለታችን ይሰፋል። ሸክሙንም ተበዳዩ ላይ ሳይሆን በዳዩ ላይ ያሳርፋል።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንመለስ። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 4 ሕዝቡ ከሰፈር ሲነሣ ታቦቱና ንዋያተ ቅድሳቱ በምን ተሸፍነው ይጓዙ እንደ ነበር ተጽፎአል፤ በመጋረጃና በቁርበት ነበር። የድንኳኑም መደረቢያ ቁርበት ነበር። ይህን ሁሉ እንዲሠሩ እግዚአብሔር ባስልኤልንና ኤልያብን በስማቸው ጠርቶ ጥበብን እንደ ሰጣቸው በኦሪት ዘጸአት እናነባለን። የእጅ ሥራ ጥበብ ከእግዚአብሔር መንፈስ የተሰጠ ነው ማለት ነው።

ወደ ራሳችንም እንመልከት። በገና ያለ ቆዳ አይጮኽም። ገበቴው በቆዳ ይሸፈናል፤ አውታሩ አንጀት ነው፤ ያ ልብ የሚነካ የሚያንዘረዝር ድምፁም ከአውታሩ ሥር ከሚገቡት የእንዚራ ቆዳዎች ይመጣል። አባቶች አሥሩን አውታር በአሥርቱ ትእዛዛት ይመስሉታል። ከበሮአችን በቆዳ የተለበጠ ነው። ዳዊታችንና ስንክሳራችን በብራና ተጽፈው፣ በቆዳ ተደጉሰው፣ በቆዳ ማኅደር ተንጠልጥለው ነው ከእኛ የደረሱት። ቁርበቱን ከደሙና ከጠጉሩ የለየው፣ በእንቧይ ያለፋው፣ ሽታውን የቻለው ሰው ማን ነው? ሥራውን ቤተ መቅደስ አስገብተን እርሱን በሥራው ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል፤ ቃሏ ግን በእኛ በሰንበት ት/ቤት ልጆች አፍ ላይ ተገኘች።

ይህን ስናስብ ዘወትር የምናነበው አንድ ታሪክ እንደ አዲስ ሆኖ ታየን። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። በድን የሚነካ በመሆኑ በዚያ ዘመን በአይሁድ ዘንድም ይህ ሥራ የተናቀ ነበር። ቤቱም በባሕር አጠገብ እንደ ነበር መጽሐፉ ይነግረናል። ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ወደ ሰገነት ወጣ፤ በዚያም ከሰማይ የወረደውን ትልቅ ሸማ አየ፤ እግዚአብሔር ያነጻውን ርኩስ እንዳይል ሦስት ጊዜ ተነገረው። ከዚያም ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በሄደ ጊዜ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው መሰከረ።

ይህ ራእይ የት ታየ? በቁርበት ፋቂ ሰገነት ላይ ነው። እግዚአብሔር ሐዋርያውን ሰውን ርኩስ ማለት እንዲተው ሊያስተምረው፣ አስቀድሞ ሰው ከሚሸሸው ቤት አሳደረው። የቆርኔሌዎስ መልእክተኞችም የቤቱን ጌታ በስሙና በሥራው ጠይቀው ነው የደረሱት። ወንጌል ወደ አሕዛብ የሄደው በዚያ ደጃፍ በኩል ነው። እኛም ወንዙን የተሻገርነው ከረጢት ለማሳደስ ነበር፤ ያልጠበቅነውን ትምህርት ይዘን ተመለስን።

ስለዚህ ለራሳችን ሦስት ነገር ወስነናል፤ እናንተም ብትተባበሩን እንወዳለን።

አንደኛ፣ በየቤታችሁ ያለውን የአባቶች ዕቃ ሳታውቁ አትንኩ። አሮጌ ቆዳ በሙቅ ውኃ አይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ዘይትና ቅቤ አይጠጣ፤ በላስቲክ ታፍኖ ወይም እርጥብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይዋል። ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ በየጊዜው ወርዶ ይታይ። ስትጠግኑም አዲስ ለማስመሰል ሳይሆን ሥራውን እንዲቀጥል ለማድረግ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቅርስ እንወዳለን ካልን ቅርሱን የሚያውቀውን ሰው እናክብር፤ ዋጋውንም እንክፈል። ጥበቡ በሽማግሌዎች እጅ ሳለ እንማር። ከእኛ ሁለቱ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሽማግሌው ዘንድ እየሄዱ ጠፍር መላግና መስፋት ይማራሉ።

ሦስተኛ፣ ያቺ ቃል ከመካከላችን ትውጣ። በቀልድም፣ በቁጣም፣ በተረትም አትነገር። ስትነገር የሰማ ሰው አይሳቅ፤ ዝምም አይበል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታችን የማያረጅ ከረጢት እንድናዘጋጅ፣ ብል የማያጠፋው መዝገብ በሰማይ እንዲኖረን አስተምሮናል። ከቆዳ የተሠራ ከረጢት ሁሉ ያረጃል። የእኛም ማኅደር አንድ ቀን አምስተኛ ጠጋኝ ያስፈልገዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ዱቄት ይሆናል። እኛ ለጊዜው ተቀባዮችና አስተላላፊዎች ነን። በወንድማችን ላይ የሠራነው በጎም ሆነ ክፉ ግን በማያረጀው ከረጢት ውስጥ ይቆየናል።

ማኅደሩ አሁን በመዝሙር ክፍላችን ከመስኮቱ ርቆ ተሰቅሎአል። በገናው አዲስ አውታር ተበጅቶለት ባለፈው ዐቢይ ጾም ተደርድሮበታል፤ ያመጡልን እናታችንም ከፊት ተቀምጠው ሰምተዋል። ወንድማችን ወደ መዝሙር ክፍሉ አልተመለሰም። እኛም «መቼ ትመጣለህ?» ብለን አናስጨንቀውም። በደብረ ዘይት እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ ቆሞ በገናውን ሲያዳምጥ አይተነዋል። የከበሮው ጠፍር እንደገና ላልቶአል። ሌላ ሰው እንዲወጥረው አልጠራንም፤ እርሱ የሚመጣበትን ቀን እየጠበቅን እንዲሁ ላላ አድርገን እንመታዋለን።

ልዑል እግዚአብሔር የተቀደደውን ሁሉ ከውስጥ የምንጠግንበትን ትዕግሥት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።